ፈንጣጣን የረታው ሐኪም ጥርጣሬን ለምን አልረታም?

በግራ ክንዴ ላይ አንዲት ክብ ጠባሳ አለች። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አንባቢያን እጅጌያችሁን ሰብሰብ ብታደርጉ የእሷን ቢጤ ሳታገኙ አትቀሩም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የዞሩ ከታቢዎች የተዉልኝ የፈንጣጣ ክትባት ምልክት ናት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከታቢዎቹ መጡ ሲባል ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ጓዳ ይደብቁ እንደነበር ታጫውተኝ ነበር። እሷም ልትደብቀኝ አስባ ነበር። ሐሳቧን ያስለወጧት ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ፈንጣጣ ሁለት ልጆቻቸውን እንዴት እንደወሰደባቸው ቡና እየጠጡ ነገሯት። በማግሥቱ እኔን አቅፋ ሰልፍ ያዘች።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ የገጠመኝ ነገር ነው። የእኅቴ ልጅ የመጀመሪያ ልጇን በ6ኛው ሳምንት ለማስከተብ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ከታቢዋ ከማለዳ ጀምሮ ቀና ሳትል የዋለች፣ ድካሟ ከፊቷ የሚነበብ ወጣት ናት። ሕፃኗን ተቀበለች፣ ወጋች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች፣ ቀጣዩን ጠራች። ምን እንደሰጠቻት፣ ለምን እንደሰጠቻት፣ ማታ ምን ሊገጥማት እንደሚችል አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ሕፃኗ አተኮሰች፤ የተወጋችበት ጭን አበጠ። ቤቱ ተሸበረ። ዲግሪ ያላት፣ ባንክ የምትሠራው የእኅቴ ልጅ ከእንግዲህ ልጄን አላስነካም ብላ ማለች።

ሕግ የተማርኩ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ነገር ለባለሙያዎቹ ልተውና መድኃኒቱን ይዞ ወላጅ ዘንድ ስለሚደርሰው ቃል ልጫወት። ለዚህ ደግሞ የክትባት አባት ከሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከኤድዋርድ ጄነር ሕይወት የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ብዙዎቻችን ሰውየውን፣ ላሟንና ትንሹን ልጅ በትምህርት ቤት አውቀን አልፈናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን የነገረን የለም። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጋጣ የታሰረው ልጅ

ጄነር የተወለደው ሜይ 17 ቀን 1749 በምዕራብ እንግሊዝ፣ ግሎስተርሻየር ውስጥ በርክሌይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የአጥቢያው ቄስ ነበሩ። ከ9 ልጆች 8ኛው ሲሆን፣ ገና በ5 ዓመቱ እናትና አባቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ አከታትሎ አጣ። ያሳደጉት ታላላቆቹ ናቸው።

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ንጉሥና ገበሬ የማይለይ ገዳይ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ብቻ በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ይገድል እንደነበር ይገመታል። ከያዛቸው 10 ሰዎች 2 ወይም 3 ይሞታሉ። ከተረፉት መካከል ፊቱ ያልተበሳሳ ጥቂት ነው፤ ዓይኑ የጠፋውም ቀላል አይደለም።

መከላከያ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በእስያ፣ በአፍሪካና በኦቶማን ቱርኮች ግዛት ከታማሚ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ጫር አድርጎ ማኖር የቆየ ልማድ ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም ሕዝቡ ይህንኑ ያደርግ እንደነበር የጥንት ተጓዦች ጽፈዋል። ወደ እንግሊዝ ያስገባችው በኢስታንቡል የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችው ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ ናት። ፈንጣጣ ወንድሟን የገደለባት፣ የራሷንም ፊት ያበላሸባት ይህች ሴት በ1721 ለንደን ውስጥ ሴት ልጇን በሐኪሞች ፊት አስከተበች። ዘዴው ግን ዋጋ ነበረው። ከ100 ሰው 1 ወይም 2 ይሞትበታል፤ የተከተበውም ሰው እስኪድን ድረስ እውነተኛ ፈንጣጣ ለጎረቤት ያዛምታል።

ጄነር 8 ዓመት ሲሞላው ይህ ክትባት ደረሰው። እንደ ዘመኑ ደንብ ለሳምንታት ሲያዘጋጁት ሰነበቱ። ደሙን ያፈሱታል፣ ሆዱን ያጥቡታል፣ እህል ይነሱታል። ሰውነቱ መንምኖ ሲያልቅ ወግተው ከሌሎች ልጆች ጋር በፈረስ ጋጣ ውስጥ እስኪድን ዘጉበት። ዳነ፤ ግን እንቅልፍ ማጣትና በትንሽ ድምፅ መደንገጥ ለብዙ ዓመታት ተከተለው። ምን እንደሚያደርጉትና ለምን እንደሚያደርጉት ለዚያ ወላጅ አልባ ልጅ ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው የነበረ አይመስልም። ክትባትን ከሕፃኑ ወገን ሆኖ የቀመሰ ሐኪም ነው ለማለት ነው።

ገበሬዎቹን የሰማው ሐኪም

በ14 ዓመቱ ገደማ ከአንድ የገጠር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ። በ1770 ለንደን ወርዶ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የቀዶ ሕክምና መምህር የጆን ሐንተር ተማሪ ሆነ። ሐንተር ተማሪዎቹን ከመላምት ይልቅ ሙከራን እንዲያስቀድሙ ያስተምር ነበር። ጄነር ለንደን ቀርቶ ሀብትና ዝና መሸመት ሲችል ወደ በርክሌይ ተመለሰና በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚያክም የገጠር ሐኪም ሆነ። ቫዮሊንና ዋሽንት ይጫወታል፣ ግጥም ይሞክራል፣ ወፎችን ይከታተላል። በ1789 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ያደረገው የሕክምና ሥራው ሳይሆን ኩኩ የምትባለው ወፍ ጫጩት የሌሎችን ጫጩቶች ከጎጆ እንዴት እንደምትገፈትር ያቀረበው ጥናት ነው።

በዚያ የወተት አገር አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። ላም የሚያልቡ ሰዎች ከጡቷ ቁስል በሚተላለፍ ቀላል በሽታ፣ ማለትም በላም ፈንጣጣ፣ እጃቸው ይቆስላል፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ ፈንጣጣ አይነካቸውም ይባላል። ገበሬዎቹ የሚያውቁትን የተማሩት ሐኪሞች እንደ ተረት ያዩት ነበር። ከጄነር 22 ዓመት ቀድሞ በ1774 ቤንጃሚን ጄስቲ የተባለ ገበሬ ወረርሽኝ ሲመጣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በላም ፈንጣጣ ከትቧል። ሚስቱ ክንዷ አብጦ ክፉኛ ታመመች፤ ኋላ ዳነች። ጎረቤቶቹ ግን ሰደቡት፣ አገለሉት። ጄስቲ ዘዴውን አግኝቶ ነበር፤ የሚያስረዳበት አንደበትና የሚሰማው ጆሮ ግን አላገኘም።

የጄነር ታላቅነት እዚህ ላይ ይጀምራል። ወሬውን አልናቀም። የአላቢዎችንና የገበሬዎችን ታሪክ አንድ በአንድ ጠየቀ፣ መዘገበ፣ አወዳደረ። ሜይ 14 ቀን 1796 ሣራ ኔልምስ ከተባለች ወተት አላቢ እጅ ቁስል ጥቂት ፈሳሽ ወስዶ የአትክልተኛው ልጅ በሆነው በ8 ዓመቱ ጄምስ ፊፕስ ክንድ ላይ ሁለት ጭረት አድርጎ አኖረ። ልጁ ለጥቂት ቀናት አተኮሰው፣ ብብቱን አመመው፣ ዳነ። ጁላይ 1 ቀን ደግሞ እውነተኛ የፈንጣጣ መግል ወጋው። ልጁ አልታመመም።

ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ሁለተኛው መርፌ ይከብዳል። ዛሬ ቢሆን ያለ ፈቃድ በሕፃን ላይ የተደረገ ሙከራ ተብሎ ያስከስሳል። በዚያ ዘመን ግን ልጆችን በፈንጣጣ መግል መክተብ የተለመደ ሕክምና ስለነበር ማንም አልተገረመም። ጄነር ፊፕስን አልረሳውም። ካደገ በኋላ ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት ሰጥቶታል፤ ፊፕስም ከዓመታት በኋላ በቀብሩ ላይ ተገኝቷል።

ጄነር ውጤቱን ለሮያል ሶሳይቲ ቢያቀርብ አልተቀበሉትም። ተጨማሪ ሰዎችን ከትቦ በ1798 በራሱ ገንዘብ አሳተመው። መጽሐፉ 75 ገጽ ገደማ ነው። ሊቃውንት በሚኮሩበት በላቲን ሳይሆን በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በቀለም የታተሙ 4 ሥዕሎች ያሉበት፣ 23 ሰዎችን ታሪካቸውን እየዘረዘረ የሚያወሳ ነበር። የቁስሉ ሥዕል አንባቢው የሚጠብቀውን ምልክት በዓይኑ እንዲያውቅ ያደርጋል። ስለ ጤና እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬም ትምህርት የሚሆን መጽሐፍ ነው።

ቀንድ ያበቀሉ ሰዎች

በዚያው ዓመት ለንደን ሄዶ ሦስት ወር ያህል ቢቀመጥ ለመከተብ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው አላገኘም። መንገዱን የከፈተለት ትቶት የሄደውን ፈሳሽ አንድ የለንደን ሐኪም ሞክሮ መመስከሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው መልክ ድል ነው። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዋና ዋናዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጎመ። በ1800 አንድ የቦስተን ሐኪም የራሱን ልጅ በመክተብ አሜሪካን አስጀመረ። በ1803 የስፔን ንጉሥ ባልሚስ በተባለ ሐኪም የሚመራ መርከብ ወደ ቅኝ ግዛቶቻቸው ላኩ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ክትባቱን ሕያው አድርጎ ውቅያኖስ ለማሻገር 22 ወላጅ አልባ ሕፃናት ተሳፈሩ፤ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እየተላለፈ አሜሪካ ደረሰ። በ1802 የእንግሊዝ ፓርላማ ለጄነር 10,000 ፓውንድ፣ በ1807 ደግሞ 20,000 ፓውንድ ሸለመው። እሱ ራሱ በግቢው ውስጥ ባለች ትንሽ የሣር ክዳን ጎጆ ድሆችን በነጻ ይከትብ ነበር። ከዓለም ዙሪያ ለሚጽፉለት መልስ ሲጽፍና ክትባት ሲልክ ጊዜውም ገንዘቡም አለቀ።

ሁለተኛው መልክ ፍርሃት ነው። በ1799 የለንደን ፈንጣጣ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ዉድቪል ብዙ መቶ ሰዎችን ከተቡ። ሥራው የተከናወነው ፈንጣጣ በሞላበት ግቢ በመሆኑ ክትባቱ ከእውነተኛው በሽታ ጋር ተደበላለቀ። ከተከተቡት ብዙዎች ፈንጣጣ የመሰለ ሽፍታ ወጣባቸው፤ አንድ ሕፃንም ሞተ። ሰው የሰማው መደበላለቁን አይደለም። የሰማው ክትባቱ ፈንጣጣ ያመጣል የሚለውን ነው።

በአሮጌው ክትባት ይተዳደሩ የነበሩ ሐኪሞች እንጀራቸው ሲነካ ተነሡ። ከእንስሳ የተወሰደ ነገር በሰው ደም ውስጥ መግባቱ ርኩሰት ነው የሚሉም ተጨመሩ። በ1802 ጄምስ ጊልሬይ የተባለ ሠዓሊ የተከተቡ ሰዎች ከክንዳቸው፣ ከአፋቸውና ከጆሯቸው ላም ሲያበቅሉ የሚያሳይ ካርቱን አወጣ። በ1805 ዊልያም ራውሊ የተባለ ሐኪም ተከትቦ ፊቱ የበሬ ፊት ሆነ ያለውን ልጅ ሥዕል በመጽሐፉ አትሞ አሰራጨ። የተማረ ሰው ይስቃል። ልጇን ታቅፋ የምታመነታ እናት ግን ሳቅ አይመጣላትም። አንድ አስፈሪ ሥዕል ሊቃውንት የጻፏቸውን ብዙ ገጾች ይረታል።

ይህን ፍርሃት በተሻለ መንገድ የተዋጋው፣ ይገርማችኋል፣ ሐኪም አልነበረም። ሮውላንድ ሂል የሚባል በለንደን የታወቀ ሰባኪ ነበር። ስብከቱን ሲጨርስ ልጆቻችሁን አምጡ ይልና በገዛ እጁ ይከትባቸው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን እንደከተበ ተመዝግቧል። ምእመናኑ ስለ ላም ፈንጣጣ ከሐኪሞቹ የበለጠ ያውቅ ነበር ብለው አይደለም የመጡት። ሰውየውን ስለሚያውቁትና ስለሚያምኑት ነው።

ዕድሜ ልክ የተባለው ተስፋ

አሁን ወደ ጄነር ትልቁ ስሕተት ልምጣ። ክትባቱ አንዴ ከተሰጠ ዕድሜ ልክ ይጠብቃል ብሎ ለዓለም አወጀ። ማስረጃው ግን ይህን ያህል አያስኬደውም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ከተከተቡት መካከል ፈንጣጣ የሚይዛቸው ብቅ ብቅ አሉ። ጄነር ጉዳዩን ከመመርመር ይልቅ ከታቢው በትክክል አልከተበም፣ የተጠቀመበትም እውነተኛው የላም ፈንጣጣ አይደለም እያለ ይከራከር ጀመር። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነበር። ሁልጊዜ ግን አልነበረም።

በ1811 መከራከሪያው ጠፋ። ጄነር ራሱ በሕፃንነቱ የከተበው የታላቁ መኳንንት የግሮቭነር ልጅ በጽኑ ፈንጣጣ ታሞ አልጋ ያዘ። ልጁ ተርፏል፤ መትረፉም የክትባቱ ጥቅም ምልክት ተብሎ ሊነገር ይችል ነበር። ግን አስቀድሞ የተገባው ቃል ፈጽሞ አይያዝም የሚል ስለነበር የለንደን ሰው የቆጠረው ውድቀት ብቻ ነው። ተቃዋሚዎች ለዓመታት ያላገኙትን ማስረጃ ጄነር በገዛ አንደበቱ ሰጣቸው። የክትባቱ ጉልበት ከዓመታት በኋላ እንደሚዳከምና መደገም እንዳለበት የጀርመን መንግሥታት ተቀብለው ወታደሮቻቸውን ደግመው መከተብ የጀመሩት ከሱ ሞት በኋላ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ጄነር ትልቁን ነገር ያገኘው ሌሎች የናቁትን የገበሬ ወሬ በመስማቱ ነው። ዝና ካገኘ በኋላ ግን የሚጠራጠረውን ሁሉ እንደ ጠላት ቆጠረ። ከጠላቶቹ መካከል በእርግጥ ጥቅመኞችና ውሸታሞች ነበሩ፤ ነገር ግን ልጇ ተከትቦ የታመመባት እናት ከነሱ ጋር አንድ ላይ ተደመረች። ያቺ እናት የምትፈልገው ክርክር አልነበረም፤ መልስ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቱ ብቸኝነት ነበሩ። በ1810 የበኩር ልጁን ሳንባ ነቀርሳ ገደለበት። በ1815 ሚስቱ ካተሪን በዚያው በሽታ ሞተች። ከለንደን ርቆ በርክሌይ ውስጥ የድሆች ሐኪም፣ የወፎች ተመልካች ሆኖ ኖረ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1823 በ73 ዓመቱ አረፈ፤ በዚያው አባቱ ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አዋጁ ሲመጣ

የጄነር ታሪክ በመቃብሩ አላበቃም። ሙያዬን የሚመለከተውም ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

እንግሊዝ በ1840 ክትባትን በነጻ አደረገች። በ1853 ደግሞ እያንዳንዱ ሕፃን በተወለደ በ3 ወር ውስጥ እንዲከተብ በሕግ አስገደደች። በ1867 ሕጉ ጠበቀ፤ ልጁን ያላስከተበ ወላጅ ልጁ 14 ዓመት እስኪሞላው ተደጋግሞ ሊቀጣ ይችላል ተባለ። ቅጣቱን መክፈል ያቃተው ድሃ የቤት ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ፤ እሱም ከሌለው ታሰረ። ከታቢዎቹ የሚተዳደሩት ድሆችን በሚረዳው፣ ድሆቹ ግን እንደ ውርደት በሚያዩት መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ክትባቱ ከክንድ ወደ ክንድ ይተላለፍ ስለነበር ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ቂጥኝን የመሰለ በሽታ የተጋባበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ሕጉ ግን ከንቱውን ፍርሃት ከእውነተኛው አልለየም፤ ሁለቱንም በመቀጮ መለሰ።

ሕጉ አልጠቀመም አልልም። የተከተቡ ሕፃናት ቁጥር ጨምሯል። ነገር ግን እምነትን አዋጅ አይወልደውም። ማርች 1885 ሌስተር በምትባል የኢንዱስትሪ ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሕፃን ሬሳ ሣጥን ይዞ አደባባይ ወጣ። ሰልፈኞቹ የጄነርን ምስል ሠርተው ሰቀሉት። ከሞተ 62 ዓመት ሆኖት ነበር! በጋጣ ውስጥ ተዘግቶ ያደገው፣ ሕፃናትን ከፈንጣጣ ያዳነው ሰው በወላጆች እጅ በምስል ተሰቀለ። መንግሥት ለዓመታት የቆየ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ በ1898 በኅሊናዬ አላምንበትም ብሎ ዳኛ ፊት የሚያስረዳ ወላጅ ከቅጣት ነጻ እንዲሆን ፈቀደ። ከክንድ ወደ ክንድ መክተብም በዚያው ሕግ ቀረ። ሕግ አውጪዎቹ ከ45 ዓመት በኋላ ያደረጉትን መስማት ከመቅጣቱ በፊት ቢያደርጉት ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በ1971 መጀመሪያ፣ በእኛ ጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። መንገድ የለም፤ አገሩ ተራራ ነው፤ አንዳንዱ አካባቢ የአባቶቹን ክትባት ይዞ የመንግሥቱን እምቢ አለ። ሠራተኞቹ ከመርፌው ጋር አንዲት ካርድ ይዘው ይዞሩ ነበር። ካርዷ ላይ በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን ፎቶግራፍ አለ። ለገበሬው፣ ለተማሪው፣ ለገበያተኛው እያሳዩ እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከማዘዛቸው በፊት ጠየቁ ማለት ነው። ልክ ጄነር በወጣትነቱ እንዳደረገው። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ኦገስት 1976 በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ ሜይ 1980 ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ብሎ አወጀ።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሕፃናትን ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከልጅነት ልምሻና ከኩፍኝ የሚከላከል ፕሮግራም ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እያንዳንዱ ቀበሌ መድረሳቸው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ግን በ2016 የተደረገውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተመልከቱ። ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊዎቹን ክትባቶች ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ ነበሩ። በአዲስ አበባ 89 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ። በ2019ኙ ጥናት አገራዊው ቁጥር 43 በመቶ ደርሷል።

የአፋሩን ቁጥር በንግግር ጉድለት ብቻ ማሳበብ ግፍ ነው። ርቀት አለ፣ መንገድ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ሕዝብ አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን፣ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት የመጀመሪያውን ዙር ያገኙት 73 በመቶ ሲሆኑ ሦስተኛውን ያገኙት 53 በመቶ ናቸው። ከመቶ ሃያዎቹ እናቶች መንገዱን ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ ከዚያ አልተመለሱም። ሁሉም በአንድ ምክንያት ቀሩ አልልም። ግን የእኅቴን ልጅ ያስፈራት የዚያች ሌሊት ትኩሳት ስንቱን ቤት አንኳክቶ ይሆን?

የእኅቴን ልጅ የመለሳት ጎረቤቷ የሆነች ነርስ ናት። ማታ በሥራ ልብሷ ገብታ ሕፃኗን ዳሰሰች። ትኩሳቱ ሰውነቷ መከላከያውን እየተማረ መሆኑን የሚያሳይ የተለመደ ነገር ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል፣ ከባሰ ወይም ካልበረደ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ሂጂ አለቻት። ቀጥላም ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዳቻት። ንግግሩ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በ10ኛው ሳምንት እናትና ልጅ ሰልፍ ላይ ነበሩ። እነዚያ ሦስት ደቂቃዎች የክትባቱ ክፍል እንጂ ትርፍ አይደሉም። ያቺን የደከማት ከታቢ ለመውቀስ አልቸኩልም። ሰልፉን ለብቻዋ የጣልንባት፣ የከተበቻቸውን ሕፃናት ቁጥር እንጂ ያስረዳቻቸውን እናቶች የማንጠይቃት እኛ ነን።

ለጤና ኃላፊዎቻችን ከጄነር ሕይወት የምመርጠው ትምህርት ይህ ነው። ክትባቱ የሚያደርገውንም የማያደርገውንም እኩል ተናገሩ፤ ከልክ ያለፈ ተስፋ ኋላ በራስ ላይ ይመሰክራል። ማታ ትኩሳት እንደሚመጣ ጠዋት ንገሩ፤ አስቀድሞ የተነገረ ትኩሳት አያሸብርም። የሚጠራጠረውን ወላጅ ከሚያስወራው ጥቅመኛ ለዩት። መልእክቱንም ከፖስተር በፊት ለሚታመን ሰው፣ ለነፍስ አባት፣ ለሼኹ፣ ለአባ ገዳው፣ ለዕድሩ ሰብሳቢ፣ ለጎረቤት አሮጊት ስጡ።

በመጨረሻ አንድ ሰው ላስታውስ። በተፈጥሮ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው በ1977 በጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ፣ ክትባቱ አጠገቡ እያለ፣ መርፌው ያማል ብሎ ሸሽቶ ነበር። ተረፈ። ከዓመታት በኋላ ለልጅነት ልምሻ ዘመቻ ተሰለፈና እምቢ የሚሉ ወላጆችን ደጅ እየሄደ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ጀመር። እኔም እንደናንተ ፈርቼ ሸሽቼ ነበር ሲላቸው ይሰሙታል። በ2013 በወባ እስኪሞት ድረስ በዚሁ ሥራ ላይ ነበር።

መክተብ የሚለው ቃላችን መርፌ መውጋትም ነው፣ መጻፍም ነው። ክንድ ላይ የተከተበው እንዲጸና ልብ ላይም መከተብ አለበት። ቸር እንሰንብት።